ከዴካችን ጋር የሚግባባ ካሜራ

ያኔ ናዝሬት እንላት በነበረችው በአዳማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ባለቤቴና እኔ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችን። እሱ ያነሳል፤ እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ አጥባለሁ፣ የደበዘዘ ቅንድብ በእርሳስ አስተካክላለሁ፣ ጉርድ ፎቶ እቆርጣለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ ለይለፍ ወረቀት ጉርድ ፎቶ፣ ለማኅበር አባልነት ጉርድ ፎቶ ስለሚጠየቅ ሥራ ፈትተን አናውቅም ነበር። የከተማው ሰው ግማሹ ኮስተር ብሎ በእኛ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ተቀምጧል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቪዲዮ የሚባለው ነገር ወደ እኛ የመጣው በሰርግ በኩል ነው። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ልጁን ሲድር ከአዲስ አበባ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው አስመጣ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሊያዝዝ የሚመጣ የሙሽራ ቤተሰብ ሁሉ፣ «ቪዲዮስ?» ማለት ጀመረ። «የለንም» ማለት ሰለቸን። ቀስ በቀስ ሁለት ዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻና መቅጃ፣ ገዛን። አንደኛውን መርከበኛ የሆነው የባለቤቴ ወንድም ከአሰብ ይዞልን መጣ፤ ሁለተኛውን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር አገኘነው። ካሜራ ግን አልነበረንም። ሰርግ በያዝን ቁጥር ከአዲስ አበባ እንከራይ ነበር።

ቅንብሩ የእኔ ሥራ ሆነ። በአንደኛው ዴክ አጫውታለሁ፣ በሌላው እቀዳለሁ። የማይፈለገው ቦታ ሲደርስ ማቆሚያውን እጫናለሁ፣ ካለፈ በኋላ እለቀዋለሁ። ኤዲቲንግ ያልነው ያንን ነው። ጣቴ ትንሽ ከዘገየ የሙሽራው አጎት ሲያዛጉ ይገባሉ፤ ከፈጠነ ደግሞ የምርቃቱ የመጨረሻ ቃል ይቆረጣል። ይሁን እንጂ ወደድኩት። ስድስት ሰዓት ሙሉ የተንዛዛ ሰርግ ወደ ሁለት ሰዓት አጥሮ፣ አንዱ ነገር ከሌላው ተያይዞ ሲሄድ ሳይ ደስታዬ ሌላ ነበር።

የምንከራየው ካሜራ ግን መከራ ነበር። ካሜራው በባለቤቴ ትከሻ፣ መቅረጫው በእኔ ትከሻ፣ መሀላችን ላይ ደግሞ ወፍራም ገመድ። እሱ ወደ ሙሽሮቹ ሲሮጥ እኔ እጎተታለሁ፤ እኔ ስደክም እሱ ይያዛል። አንድ ቀን የዶሮ ወጥ የያዘ አስተናጋጅ ገመዱ ጠልፎት ከነሳህኑ ሚዜዎቹ ላይ ወደቀ። ማታውኑ ባለቤቴ፣ «ከዛሬ ወዲያ ከነገመዱ ሰርግ አልገባም» አለ። ትንሽ፣ በአንድ እጅ የምትያዝ፣ መቅረጫዋ ከራሷ ጋር የሆነ ካሜራ መፈለግ የጀመርነው ያኔ ነው።

ፍለጋው ወደ አንዲት ነጋዴ ወሰደን። ድሬዳዋ በባቡር እየተመላለሱ ጨርቅና ሽቶ የሚያመጡ፣ ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሲናገሩ ሰፈር የሚሰማቸው ሴት ነበሩ። እትዬ እንላቸዋለን። አንድ ሐሙስ ፎቶ ቤታችን ገብተው፣ በሩን መለስ አድርገው፣ ከጥቅል ጨርቅ መሀል አንዲት ካሜራ አወጡ። ከአንድ ጡብ ብዙም አትበልጥም። ካሴቷ መዳፍ ላይ ታርፋለች። ትልቅ ካሴት የሚመስል ማቀፊያም አብሯት አለ፤ ትንሿን ካሴት እዚያ ውስጥ ከተው እንደ ማንኛውም ካሴት ዴክ ውስጥ ማስገባት ነው።

«ከአሜሪካ የመጣች ናት» አሉ። «ውሰዷትና ሞክሯት። ካልወደዳችኋት መልሱልኝ።»

ለኤሌክትሪኳ የሚሆን አንድ ከባድ ትራንስፎርመር ጨምረው ሰጡን። የእኛ አገር መብራት ስለሚበዛባት ነው አሉ። ያ ትራንስፎርመር ያኔ አንድ ነገር ሊነግረን ይገባ ነበር፤ አልሰማነውም።

ባለቤቴ ካሜራዋን ከእጁ ማውረድ አቃተው። በማያዋ ቀዳዳ እያየ እኔን ቀረጸኝ፣ ጋሪ ቀረጸ፣ የጎረቤታችንን በግ ቀረጸ። መልሶ በቀዳዳዋ ሲያየው ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የማያዋ ጠባይ ነው ብለን አለፍነው። እኔ ግን፣ «መጀመሪያ ከዴኩ ጋር እናገናኛት» አልኩ። ዓርብ ጠዋት ላገናኛት ስል መብራት ጠፋ። ቅዳሜም አልመጣም፤ የካሜራዋን ባትሪዎች ግን ሐሙስ ማታ ሞልተናቸው ነበር። እሑድ ሰርግ አለብን። ከአዲስ አበባ የምንከራየውን ካሜራ ደግሞ ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። በትንሿ ካሜራ ከመግባት ሌላ ምርጫ አልነበረንም።

የሙሽራዋ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲነዱ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሰርጉ ስድስት ወር በፊት ደም ብዛት ጥሏቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ልጃቸውን የዳሩት ወንበር ላይ ሆነው ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ሶደሬ ሲወርዱ እሳቸውንም በመኪና ይዘዋቸው ሄዱ። ከፍልውሃው ወዲያ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ወንበራቸውን አስቀመጡላቸው። ጦጣዎቹ ዳቦ እየሰረቁ ሰዉን ያስቃሉ፤ አኮርዲዮን የያዘ ሰው ይጫወታል፤ ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ትጨፍራለች።

ያኔ ነው አባትየው የተነሡት። ይነሣሉ ብሎ ማንም አልጠበቀም። በደህናው እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ያዙ፣ ቀና አሉ፣ ከዘራቸው ወደቀ። ሙሽራዋ ሮጣ እጃቸውን ስትይዝ ትከሻቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰበቅ አደረጉ። የሰዉ እልልታ ከአዋሽ ማዶ ሳይሰማ አይቀርም። እኔ ዕንባዬ ጋርዶኝ በደንብ እንኳ አላየኋቸውም። ዞር ስል ግን ባለቤቴ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ካሜራዋን ዓይኑ ላይ ለጥፏታል። ይህንንስ ይዘነዋል ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት መብራት መጣ። ትንሿን ካሴት በማቀፊያዋ አድርጌ ዴኩ ውስጥ ከተትኳት።

ቴሌቪዥኑ ላይ የመጣው ሰርግ አይደለም። ግራጫ ነጠብጣብ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ፊት የሚመስል ነገር ብቅ ይልና ይቆራረጣል። ቀለም የሚባል የለም። ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል፤ የሙሽራዋ እልልታ የላም እምቧታ መስሏል።

«ዴኩ ቆሽሾ ነው» አለ ባለቤቴ። በአልኮል አጸዳሁት። ያው ነው። ሁለተኛው ዴክ ላይ ሞከርኩ፤ ያው። ካሜራዋን ራሷን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኛት ድምፁ ተስተካከለ፣ ምስሉ ግን መሮጡን አልተወም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ ሲያዞራት ለአፍታ ይቆምና፣ ቀለም የሌለው ጥላ ይሆንና፣ እንደገና ይሄዳል። እስከ ምሳ ሰዓት ስንታገል ቆየን።  በትንሿ ቀዳዳ ስናይ ሰርጉ አለ፤ ከቀዳዳዋ ሲወጣ ግን የለም።

ለማንም አልተናገርንም። የሙሽራዋ ቤተሰብ ሰው ባየን ቁጥር፣ «እየተሠራ ነው» እንላለን። እየዋሸሁ መሆኔን ሆዴ ስለሚያውቀው መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሙሽራዋ ራሷ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። አባቷ እንደገና ታመው ሆስፒታል ሰንብተው መውጣታቸውን ነገረችን።

«አሁን ይናገራሉ፣ ይበላሉ፣ ተመስገን ነው» አለች። «ግን የሰርጉን ቀን ምንም አያስታውሱም። ተነሥተው ጨፍረዋል ስንላቸው፣ ‹ልታጽናኑኝ ነው የምትዋሹኝ› ይላሉ። ሐኪሙ እግራቸውን እያንቀሳቀሱ እንዲለማመዱ አዟቸዋል፣ እሳቸው ግን ‹ይህ እግር አይቆምም› ብለው ተኝተዋል። ቪዲዮውን ቢያዩት…» ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። «መቼ ይደርሳል እህቴ?»

«ትንሽ ይቀረዋል» አልኳት።

ስትወጣ ባለቤቴ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እውነቱን ልንገራት ብዬ ሁለት ጊዜ ነጠላዬን አንሥቼ መለስኩት።

ሻሸመኔ ያሉትን ሽማግሌ ያስታወሰው ባለቤቴ ነው። ድሮ ለገበሬ ማሠልጠኛ ፊልምና ቪዲዮ ሲቀርጹ የኖሩ፣ የፎቶ ወረቀት ሲገዛ የተዋወቃቸው ሰው ናቸው። «እሳቸው ያላወቁት ማንም አያውቀውም» አለ። እሱ እንዳይሄድ የቀበሌው የመታወቂያ ፎቶ ቀን ደርሶበታል። ስለዚህ እኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁና፣ ካሴቷን ከነማቀፊያዋ ዘንቢል ውስጥ አድርጌ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ካሜራዋን አልያዝኩም፤ የቀረጥ ወረቀት የላትም።

ሞጆን አለፍን፣ መቂን አለፍን። ዝዋይ ላይ ሰዉ ፓፓያና ዓሣ በመስኮት ሲገዛ እኔ ዘንቢሌን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ዕቃዬን እያነሣ ካሴቷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምንድን ነው ያለበት?»

«ሰርግ ነው።»

«በሳንሱር ታይቷል? ፈቃድ አለው?»

«ለሰርጉ የቀበሌ ፈቃድ አለ። ካሴቱ ግን አልታየም፤ እኛም አላየነውም።»

ቅንድቡን አነሣ። «ያላያችሁትን ታዲያ ወዴት ትወስጂዋለሽ?»

ምን ዓይነት ውሸት እንደሚያዋጣ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። እውነቱን አወራሁት። ስለ ካሜራዋ ብቻ ዝም አልኩ። አባትየው እንደተነሡ፣ እንደታመሙ፣ እንደማያምኑ፣ ምስሉ እየሮጠ አልያዝ እንዳለን፣ ሻሸመኔ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ነገርኩት።  ኋላዬ የተሰለፉት ተሳፋሪዎች አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ።

«ሙሽራዋ ልጅህ ብትሆን…» ብለው አንዲት አሮጊት ከሰልፉ ጀመሩ።

«እማማ፣ እኔ ምን አልኩ?» አለ ፈታሹ። ካሴቷን ገልበጥ አድርጎ አየና ዘንቢሌ ውስጥ መልሶ አስቀመጣት። «ስትመለሺ በዚሁ ነው የምታልፊው። መቆማቸው እውነት መሆኑን ንገሪኝ።»

አሮጊቷን ደግፌ ወደ አውቶቡሱ ወጣሁ።

ሻሸመኔ ሽማግሌው ቤት ስደርስ በር ላይ የተቀበሉኝ ባለቤታቸው ናቸው። በኦሮምኛ «አካም ጅርታ? ኮቱ፣ ኮቱ»፣ እንዴት ነሽ፣ ነዪ ነዪ፣ እያሉ አስገቡኝና ውሃ ሳልጠይቅ አመጡልኝ። ሽማግሌው ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው። ታሪኩን አላስጨረሱኝም።

«ካሜራው ከየት ነው የመጣው?»

«ከአሜሪካ አሉን።»

«በቃ» አሉና ሣቁ። ሣቃቸው አናደደኝ፤ ወዲያው ግን ተስፋ ሰጠኝ። ሰው በሞተ ነገር ላይ እንደዚያ አይስቅም። «ልጄ፣ ካሴቱ ምንም አልሆነም። አሜሪካኖች ቪዲዮ የሚቀርጹበት ዘዴ ሌላ ነው፣ የእኛ አገር ሌላ ነው። የእኛ ፓል ይባላል። የእናንተ ዴክ ፓል ብቻ ነው የሚያውቀው። አማርኛ ብቻ ለሚሰማ ሰው በእንግሊዝኛ ብታወሪለት ምን ያድርግ?»

ከጓዳ አንድ ዴክና አንድ ቴሌቪዥን ላይ የለበሰ ጨርቅ ገፈፉ። ይሠሩበት የነበረው ፕሮጀክት ሲዘጋ ፈረንጆቹ በወረቀት የሰጧቸው ዕቃዎች ናቸው። ሁሉንም ዓይነት ያጫውታሉ። ካሴቷን ከተቱ፣ አንዲት ትንሽ መቀያየሪያ ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

ሶደሬ መጣች። አረንጓዴ ዛፍ። የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ፣ የሚዜዎቹ ቀይ ክራቫት፣ ዳቦ የያዘች ጦጣ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ አባትየው። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። የወንበሩን መደገፊያ ሲይዙ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ሲነጣ እንኳ ይታያል። ቀና አሉ። ከዘራው ወደቀ። ያን ቀን ዕንባዬ የጋረደብኝን ሁሉ አሁን አየሁት። ለአሥር ቀናት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ድንጋይ ሲነሣልኝ ተሰማኝ፤ ሰው ቤት መሆኔን ረስቼ ተንሰቀሰቅኩ። የሽማግሌው ባለቤት አማርኛቸው ብዙ አይደለም፤ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አሁን ችግሩ» አሉ ሽማግሌው፣ «እኔ ቤት መታየቱ ለእናንተ አይጠቅማችሁም። ከዚህ ዴክ ብንቀዳው ያው የአሜሪካው ይሆናል። አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ አያምርም።»

መንገዱ ይህ ነበር፦ ቴሌቪዥኑን በራሳቸው ካሜራ መቅረጽ። የእሳቸው ካሜራ ፓል ነው። የመስኮቱን ብርሃን በብርድ ልብስ ከለልን። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አድርገው ከቴሌቪዥኑ ፊት አቆሙት፤ ድምፁን በገመድ አገናኙት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆኖ ሁላችንም ላብ እያጠመቀን ተቀመጥን። ማስነጠስ ክልክል ነው ተባለ። ካሴቷን ለአፍታ ስናቆማት ብቻ በር ከፍተን እንተነፍሳለን። አባትየው የሚነሡበት ቦታ ሲደርስ የሽማግሌው ባለቤት እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ባልየው በእጃቸው ከደኑላቸው።

ሲያልቅ የተቀዳውን አዩና ቅር አላቸው። ምስሉ በስሱ ይርገበገባል፤ አንድ ጥላ መሳይ መስመር ቀስ ብሎ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል።

«ከዚህ የተሻለ አልችልም» አሉ።

«አባባ፣ ፊታቸው ይለያል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?» አልኳቸው።

አዳሬ እነሱ ቤት ሆነ። እራት ላይ ሌላ ካሜራ እንደምንፈልግ ስነግራቸው በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ፣ «ካሜራ ስትመርጡ ካሜራውን ብቻ አትዩ» አሉኝ። «የምትቆርጪበትን ዴክ አስቀድመሽ እይ። ዴክሽ የማያነበውን ካሜራ ምንም ቢያምር ምን ያደርግልሻል? ነጋዴዋን፣ ‹ፓል ነው?› በያት። አዎ ብትልሽም አትመኛት። ቅረጪ፣ ዴክሽ ውስጥ ክተቺ፣ ቆርጠሽ ቀጥይ፣ ከዚያ ግዢ።»

ስመለስ ኬላው ላይ ያው ፈታሽ ነበር። አወቀኝ። አንገቱን ብቻ ወደ ላይ ነቀነቀ፤ «እህስ?» ማለቱ ነው።

«ቆመዋል» አልኩት። «በዓይኔ አየሁ።»

«እሰይ» አለና ዘንቢሌን ሳይነካ አሳለፈኝ።

ናዝሬት ስገባ ቤት እንኳ አልሄድኩም። ከመናኸሪያው በቀጥታ ፎቶ ቤት። ባለቤቴ ፊቴን ሲያይ ተነሥቶ ዴኩን ከፈተልኝ። ካሴቱ ገባ። ለሁለት ሰከንድ ጥቁር ሆነና ሶደሬ መጣች፣ ከነቀለሟ። ባለቤቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋ። የዚያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተያይተን ሣቅን።

ሁለት ቀን ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑንና ዴኩን ጋሪ ላይ ጭነን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ወደ አባትየው ቤት ሄድን። አልጋቸው ላይ ትራስ ተደርድሮላቸው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በአንድ በኩል ወረድ ብሏል። በአክብሮት ሰላም አሉን፤ የመጣንበት ጉዳይ ግን ብዙም አላጓጓቸውም።

የቤተ ክርስቲያኑን፣ የምሳውን፣ የኬኩን አዩ። ሶደሬ ሲደርስ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ራሳቸውን አይተው፣ «ከስቻለሁ» አሉ። ከዚያ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰው ተነሡ። አልጋው ላይ ያሉት ሰው አንድ እጃቸውን ከአንሶላው አወጡ።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት አባባ» አለች ሙሽራዋ።

«መልሱት።»

መለስኩት። ከዘራው ወደቀ፣ ትከሻቸው ተሰበቀ።

«መልሱት።»

በሦስተኛው ላይ ባለቤታቸው ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። እሳቸው ግን አያለቅሱም። ወደ ፊት ዘንበል ብለው እንደ ሥራ ሰው ይመረምሩታል። «ግራ እግሬን ነው ያስቀደምኩት» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ምስሉ ለምን ይርገበገባል?»

ባለቤቴ ጎሸም አደረገኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። እኔ ግን መዋሸት ሰልችቶኛል። ካሜራዋ ከየት እንደመጣች፣ ዴካችን እንዴት እንዳላነበባት፣ ሻሸመኔ ምን እንዳደረግን፣ አሥር ቀን ሙሉ ልጃቸውን እንደዋሸኋት ሁሉንም ነገርኳቸው። ሙሽራዋ በድንጋጤ አፏን ያዘች። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና በደህናው የፊታቸው ጎን ፈገግ አሉ።

«የሐዲድ ነገር ነዋ» አሉ። «የእኛ ሐዲድ ጠባብ ነው። የሌላ አገር ባቡር ብታመጪ፣ ሞተሩ የፈለገ ቢሆን፣ ጎማው አይገጥምም። ይህን ለማወቅ ሻሸመኔ ድረስ ምን አስኬደሽ? እኔን ብትጠይቂኝስ?»

ሰዉ ሁሉ ሣቀ። ሙሽራዋ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። ዕቃችንን ስንጠቀልል አባትየው ከዘራቸው የት እንዳለ ሲጠይቁ ሰማሁ።

ካሜራዋን ለነጋዴዋ መለስን። መጀመሪያ ተቆጡ፤ «ከአሜሪካ የመጣን ዕቃ ማን ይጥላል?» አሉ። ነገሩ ሲገባቸው ግን፣ «ፓል… ፓል…» እያሉ በቃላቸው አጠኑት። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ በአንድ ጊዜ ሁለት ካሜራ ይዘው መጡ። «ሁለቱም ፓል ናቸው። እስኪመረጥ ከዚህ አልነሣም» ብለው ፎቶ የሚነሣበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

አንደኛዋ ብርማ ቀለም ናት። ትንሽ፣ ቀላል፣ ቁልፎቿ እንደ ጌጥ የተደረደሩ። ባለቤቴ ሲያያት ዓይኑ ፈዘዘ። ሁለተኛዋ ጥቁር፣ ትንሽ ወፈር ያለች፣ ጥጓ የተጫረ ናት። እኔ ግን መብራት መኖሩን አየሁ፣ ሁለቱንም ዴክ ከፈትኩ፣ «በሁለቱም እትዬን ቅረጽ» አልኩት።

በር ላይ ወጥተው ከጋሪ ነጂ ጋር ሲከራከሩ፣ ተመልሰው ሲገቡ፣ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቀረጻቸው።

የብርማዋ ምስል ያምራል፤ ልዋሽ አልችልም። ካሴቷ ግን የተለየች፣ ከሁሉም ያነሰች ናት፤ ማቀፊያ የላትም፣ ዴካችን ውስጥ አትገባም። ያለው መንገድ ካሜራዋን ራሷን በገመድ ማገናኘት ነው። አንድ ቦታ ፈልጌ ለማቆም ስሞክር ትዘገያለች፤ አቁሚ ስላት ካለፈች በኋላ ትቆማለች። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ እትዬ አንድ ቃል ይደግማሉ። እንዲህ ዓይነት ካሴት ናዝሬት ውስጥ የሚሸጥ እንዳለ ስጠይቅም እትዬ ጣራውን አዩ።

የጥቁሯ ካሴት በማቀፊያዋ ሆና ዴኩ ውስጥ ገባች። ምስሉ ቆመ። ቀለሙ አለ። ድምፁ የእትዬ ድምፅ ነው። ክርክሩን ቆረጥኩ፣ መግባታቸውን ቀጠልኩ። መጋጠሚያው ላይ መስመር የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። እትዬ ከበር ላይ ጠፍተው ወንበሩ ላይ ተገኙ።

«ይህቺኛዋ» አልኩ።

ባለቤቴ ብርማዋን በእጁ እንደያዘ፣ «ይህቺ እኮ በጣም ቀላል ናት…» አለ።

«የምትሸከማት አንተ ነህ። የምቆርጣት ግን እኔ ነኝ።»

ትንሽ አሰበና መለሳት። «እውነትሽን ነው» አለ። ያለ ኩርፊያ ነው ያለው፤ ደስ አለኝ። እትዬ ግን ስለ ካሜራ ምርጫው ግድ አልነበራቸውም። ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

«እኔ ስናገር እንደዚህ እጮሃለሁ?» ብለው ጠየቁ።

ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አደረጉ። «እስቲ እንደገና ክፈቺው» አሉ።

በጥቁሯ ካሜራ የቀረጽነው የመጀመሪያ ሰርግ ሞጆ ነበር። ገመድ የለ፣ የሚጠልፈው ሰው የለ፤ እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርግ ቤት ተቀምጬ ምሳ በላሁ። ሰኞ ጠዋት ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከተትኩት። ምስሉ መጣ፣ ቆመ፣ ጠራ። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ አየሁ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ሰማሁ፤ የምቆርጠውን ልመዘግብ እርሳስ እንዳነሣሁ እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ባለቤቴ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሊቀሰቅሰኝ መጥቶ ተወኝ። የደንበኛ በር ዘግቶ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ ሰርጉን ብቻውን እስከ መጨረሻው አየው።